የአራዳ ግድግዳና የሐሳብ ነፃነት

ስለ ሐሳብ ነፃነት ሲነሣ ሁላችንም ሕገ መንግሥቱን፣ በተለይም አንቀጽ 29ን እንጠቅሳለን። ጠቅሰን ስናበቃ የምናወራው ግን ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ሬዲዮና ስለ ኢንተርኔት ነው። የአንቀጹ ንዑስ ቁጥር 2 ከቃል፣ ከጽሑፍና ከኅትመት ጎን ሥነ ጥበብንም በስሙ ጠርቶ አስቀምጧል። ሰዓሊ አደባባይ ላይ የሚያሰምረው መስመር በሕጉ ፊት ጋዜጠኛ ከሚጽፈው ዐረፍተ ነገር አያንስም። ይህን ይዤ ነው ስለ አራዳና ፒያሳ ግድግዳዎች የምጽፈው። የሐሳብ ነፃነትን የሚያከብር የአደባባይ ሥዕል እዚህ ሰፈር ላይ ምን ሥር አለው? ዛሬስ የሚያርፍበት ግድግዳ አለ ወይ?

አራዳ ከመነሻው የአዋጅ ቦታ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ትልቁ ገበያ እዚያ በቆመበት ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ የመንግሥት ቃል የሚነገረው ለገበያተኛው ነው። በዚያው አካባቢ ከነበረ አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ሞት የተፈረደበት ሰው ይሰቀል እንደነበር የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። ሕዝቡ በአንድ ቦታ ሸምቶ፣ አዋጅ ሰምቶ፣ ፍርድ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አደባባዩ ላይ ድምፅ ያለው ከላይ ነው፤ ከታች ያለው ጆሮ ነው። የታችኛው ድምፅ በሌላ መንገድ ነበር የሚወጣው፦ በአዝማሪ ግጥም፣ በአልቃሽ ቃል፣ በእረኛ ዘፈን። ብልህ ገዥ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ የነበረው የሕዝቡን ሐሳብ አደባባይ ላይ ስለማያገኘው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲያዛውረው ሰፈሩ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። አደባባዩና የአደባባዩ ልማድ ግን በቦታቸው ነበሩ።

ከወረራው ዘመን አንድ ሰው ሳይነሣ የዚህ ሰፈር የሐሳብ ነፃነት ታሪክ ሊጻፍ አይችልም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደበደቡ። ሐውልታቸው ዛሬ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ ቆሟል። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲነሣ ሰው ደንግጦ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ስለ ነፃ ሐሳብ በአራዳ ሥዕል ይሠራ ቢባል ርዕሱ ሩቅ አገር አይፈለግም። ያላመነበትን ቃል ላለመናገር የሞተ ሰው እዚያው ከአደባባዩ መሐል ቆሟል።

የግድግዳ ሥዕል ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል። አንዳንድ ወጣት ሠዓልያን ሳይቀሩ ጥበቡን ከላቲን አሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ አድርገው ያዩታል። ከምኒልክ አደባባይ ጥቂት እርምጃ ላይ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ለዐድዋ ድል መታሰቢያ የቆመ ነው። በወረራው ዘመን በእሳት ተጎድቶ ከነፃነት በኋላ ታድሷል፤ በውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች፣ ሞዛይኮችና ባለቀለም መስታወቶች አሉ። ከዚያም በፊት ቢሆን ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከወለል እስከ ጣራ የተሣሉ ነበሩ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ቅዱስ ታሪክ የሚያነበው ከግድግዳው ላይ ነው።

ከዚህ ትውፊት ሁለት ነገሮች ለዛሬው ጥያቄ ስለሚጠቅሙ ትንሽ ልቆይባቸው።

የመጀመሪያው ዓይን ነው። በቀደመው የሥዕል ሥርዓታችን ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው፣ ከሐዲ፣ የጠላት ወታደር በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይቀራል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እነ በላቸው ይመር ለአዲስ አበባ ገበያ የዐድዋን ጦርነት ሲሥሉ በዚሁ ሕግ ተጠቅመዋል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ በአንድ በኩል ሁለት ዓይን ያለው የኢትዮጵያ ጦር፣ በሌላ በኩል በጎን የተሣለ ጣሊያን። ሰዓሊው አንድም ቃል ሳይጽፍ ፍርዱን ሰጥቷል፤ ተመልካቹም ያለ አስተርጓሚ ተረድቶታል። ይህ የሐሳብ መግለጫ ነው፤ ያውም አቋም ያለው።

አሁን በዓለም ዙሪያ ለሐሳብ ነፃነት ክብር እየተባለ የሚሣለውን አስቡት። ርግብ፣ ማይክሮፎን፣ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ ወደ ሰማይ የተዘረጋ እጅ፣ ብዕር። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱን ያጠለቀው ማን እንደሆነ አይታይም። ሁሉም ሰው ሁለት ዓይን አለው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ግድግዳውን የሚፈቅደው መሥሪያ ቤትና ቀለሙን የሚገዛው ድርጅት ማንም የማይከፋበትን ንድፍ ይመርጣሉ። ማንም የማይከፋበት ሥዕል ክፉ ነው አልልም፤ ሰፈርን ያስውባል፤ ለሰዓሊም እንጀራ ነው። የሐሳብ ነፃነት ግን ትርጉም የሚኖረው አንድ ሰው የማይወደው ነገር ሲነገር ነው። ስለዚህ «ለሐሳብ ነፃነት» ተብሎ የሚሣል ሥዕል ቢያንስ አንድ እውነተኛ ታሪክ፣ አንድ እውነተኛ ስም፣ አንድ እውነተኛ ዓመት ቢይዝ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጨርቅ ነው። ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ግድግዳው ላይ በቀጥታ አልተሣሉም። ሰዓሊው በሸማ ላይ ሥሎ ሸማውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ቤቱ ሲያረጅ ሥዕሉ ሊነሣ ይችላል። አሠራሩ ለጥፋትም አጋልጦናል፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የፈረንሳይ የምርምር ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ነቅሎ ወደ ፓሪስ ሲወስዳቸው ያስቻለው ይኸው አሠራር ነው፤ በቦታቸው ቅጂ ተተካ። ግን ግድግዳ በማይረጋበት ከተማ የአባቶች ዘዴ ጥቅሙ ግልጽ ነው። በፒያሳ ዛሬ ኳርትዝ ቀለም በተቀባ ልስን ላይ የሚሣል ሥዕል ዕድሜው የግድግዳው ዕድሜ ነው። በሸራ ተሠርቶ የሚለጠፍ ሥዕል ግን ቤቱ ሲፈርስ ተርፎ ሌላ ቤት ሊገባ ይችላል።

ቃልና ሥዕል በዚህ ሰፈር ተለያይተው አያውቁም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያ አዘጋጅነት በእጅ እየተገለበጠ ነበር የሚሠራጨው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው አገር ፍቅር ቴአትርም እዚሁ ፒያሳ ነው። የሱቆቹ ታፔላ፣ የፀጉር ቤቱ ደጃፍ፣ የጠጅ ቤቱ ግድግዳ በእጅ የተጻፉና የተሣሉ ነበሩ። የማስታወቂያ ጻፊዎቹ ፊደል አጣጣል እያንዳንዱ የራሱ ነበረው፤ የሚያውቅ ሰው «ይህ የእገሌ እጅ ነው» ብሎ ይለያል። ኮምፒዩተርና የፕላስቲክ ባነር ሲመጡ ያ እጅ ጠፋ። ከከተማችን የጥበብ ታሪክ ሳይጻፍ ያለፈ ትልቅ ምዕራፍ ይመስለኛል።

ግድግዳ ላይ መጻፍ ሕይወት ያስከፈለበት ዘመንም ነበረን። ደርግ የአደባባይ ምስልን ኃይል በሚገባ ያውቅ ነበር። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ምስሎች ቆሙ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በሚወርደው በቸርችል ጎዳና ላይ መስከረም 1977 ዓ.ም. የትግላችን ሐውልት ከግዙፍ የግድግዳ ቅርጾቹ ጋር ተመረቀ። መፈክር በየአጥሩ፣ በየፋብሪካው፣ በየቀበሌው ነበር። ያ የመንግሥት ጽሑፍ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ነበር፦ የኢሕአፓ ወጣቶች ሌሊት ወጥተው በችኮላ የሚጽፉት መፈክር። አንዱ ዘብ ይቆማል፣ ሌላው ቀለም ይይዛል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ጠዋት ቀበሌው ያስጠፋዋል፤ ሌሊት ተመልሶ ይጻፋል። በቀይ ሽብር ቀለም ይዞ የተያዘ ልጅ ከነፍሱ ጋር ይያዛል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳና መርካቶ ባሉት ሰፈሮች ልጃቸውን በዚህ ያጡ እናቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ማን ትክክል ነበር የሚለውን ክርክር ለፖለቲካ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። ለዚህ ዳሰሳ የሚበቃኝ፣ በአዲስ አበባ ግድግዳ ላይ በነፃነት ለመጻፍ የተከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ከባድ እንደነበር ነው። ያን የሚዘክር አንድ የተሣለ ግድግዳ በአራዳ ቢኖር ተገቢ ነው።

ደርግ ወድቆ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ ቅድመ ምርመራ ተሻረ፤ ጋዜጣና መጽሔት ጎረፈ። በአራት ኪሎና በፒያሳ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የዕለት ኑሮ ሆነ። መግዛት ያልቻለ ተማሪ ሳንቲም ከፍሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ አንብቦ ይመልሳል፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይከራከራል። በዚያች ድንጋይ ላይ የነበረው ክርክር የከተማችን እውነተኛ የአደባባይ መድረክ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ጋዜጦች ተዘጉ። በ2002 ዓ.ም. የ«አዲስ ነገር» ጋዜጣ አዘጋጆች ተሰደዱ። በ2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ የዩኔስኮን የጊዬርሞ ካኖ የፕሬስ ነፃነት ሽልማት በ2005 ዓ.ም. ስታገኝ እስር ቤት ነበረች።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን በአዲስ አበባ ተከበረ። ያው ሽልማት እዚህ ከተማ ተሰጠ፤ ተሸላሚዎቹ በማይናማር ታስረው የነበሩ ሁለት የሮይተርስ ጋዜጠኞች ነበሩ። የጋዜጠኞች ተሟጋቹ ሲፒጄ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት መጨረሻ ባደረገው ቆጠራ በኢትዮጵያ አንድም የታሰረ ጋዜጠኛ አልነበረም። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ቡድን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደረጃው አገራችንን ከ150ኛ ወደ 110ኛ አወጣት። ብዙዎቻችን አልቅሰን የተደሰትንበት ጊዜ ነው። የዚያው ቡድን የ2025 (እ.ኤ.አ.) ደረጃ 145ኛ ነው። በዓሉ የተከበረበት ከተማ ግድግዳ እነዚህን ሁለቱንም ቁጥሮች መሸከም መቻል አለበት፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚሸከም ሥዕል ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል።

የሌላው አገር ልምድ ምን ይላል? ስለ ሜክሲኮዎቹ እነ ዲዬጎ ሪቬራ ብዙ ተጽፏል፤ ለእኛ የሚጠቅመው በኒው ዮርክ የደረሰበት ነው። በሮክፌለር ሕንፃ ውስጥ በሣለው ሥዕል የሌኒንን ፊት አላወጣም በማለቱ ሥዕሉ በ1934 (እ.ኤ.አ.) ተሰባብሮ ወረደ። ነፃ ነኝ በሚል አገርም የግድግዳው ባለቤት የመጨረሻውን ቃል ይናገራል ማለት ነው። በበርሊን ግንቡ በወደቀ ማግስት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከ21 አገሮች የመጡ 118 ሠዓልያን 1.3 ኪሎ ሜትር በሚሆነው ቅሪት ላይ ሣሉ፤ ዛሬ በጥበቃ ሥር ነው። ናይሮቢ ላይ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ፖለቲከኛው በጥንብ አንሳ ተመስሎ ተሣለ። ያ እንግዲህ አንድ ዓይን ያለው ሥዕል ነው፤ የከተማው ሰው ቆሞ ተወያየበት።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን ካርቱም ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሱዳናውያን ወጣቶች በጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ተቀምጠው ሲሰነብቱ በዙሪያው ያሉትን ግድግዳዎች በሥዕል ሞሏቸው። ሴቶች ሠዓልያን ብዙ ነበሩ። ፈቃድ የሰጣቸው፣ ቀለም የገዛላቸው መሥሪያ ቤት አልነበረም። ጁን 3 ቀን (እ.ኤ.አ.) ተቃውሞው በጥይት ከተበተነ በኋላ ብዙዎቹ ሥዕሎች ነጭ ቀለም ተቀቡ። የቀረን የተነሡት ፎቶግራፎች ናቸው። ያለ ፎቶግራፍ ያ ሁሉ ሥራ የለም ነበር፤ ወደዚህ ነጥብ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ወደ ፒያሳ ልመለስ። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። በዚያው ዓመት የካቲት የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በምኒልክ አደባባይ አጠገብ ተመርቋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርትቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፤ ይህን የሚክድ ሰው ሐቀኛ አይደለም። ነገር ግን በመንገዱ ዳር ያሉት ሕንፃዎች በግራጫና ለግራጫ በሚቀርቡ ቀለሞች ተመሳስለው ተቀብተዋል። ፒያሳ የምትታወቀው በመዛነቅ ነበር። የአርመን በረንዳ፣ የጣሊያን ፊት፣ የጉራጌ ሱቅ፣ የወርቅ ቤት መስታወት፣ ከመሐሙድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ የሚወጣ ዘፈን። አንድ ዓይነት ቀለም ለዓይን ሥርዓት ቢሰጥም የብዙ ሰው እጅ ያረፈበትን ፊት ይሸፍናል። አሁን ግድግዳው ላይ በብዛት የሚነበበው ምንድን ነው? ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው።

ሕዝቡ ግን መጻፉን አላቆመም። የታክሲ ጥቅስ የሚባለውን አስቡ። በሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች ውስጥ ሾፌርና ረዳት የመረጡት ቃል ይለጠፋል፤ ምክር ነው፣ ጸሎት ነው፣ ለኑሮ ውድነት የተሰጠ አስተያየት ነው። ተሳፋሪው አንብቦ ይስቃል፣ ይናደዳል፣ መልስ ይሰጣል። ከአራዳ የፀጉር ቤት ግድግዳ የወረደው ሐሳብ ተሳፍሮ የሚዞር ይመስለኛል። ከሠዓልያኑም መካከል ሮቤል ተመስገን የጋዜጣ ገጾችን በእጁ እየጻፈና እየሣለ አቅርቧል። ኅትመት በጠበበበት ዘመን ወደ «አእምሮ» ዘመን የእጅ ጽሑፍ የተመለሰ ያህል ነው። በስደት ከተሠሩት ሥራዎች ደግሞ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ያለው በ2001 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው «ኔክሰስ» መነሣት አለበት። እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ በአሉሚኒየም የሠሩት ግዙፍ ሥራ ነው። ከበደች ከደርግ ስትሸሽ በሶማሊያ ጦር ተይዛ አሥር ዓመት ያህል በእስር የኖረች ናት። ስለ ነፃነት ማወቅ ያለባትን ሁሉ የምታውቅ ሰዓሊ በአገሯ መንግሥት ኤምባሲ ግድግዳ ላይ እጇን አሳርፋለች። ይህን የመሰለ አደራ ለአገር ቤት ሠዓልያን በአራዳ ቢሰጥ ምን ይጎድላል?

የሚጎድለው ሥርዓት ነው። ግድግዳ ላይ መሣል የሚፈልግ ሰዓሊ ከቤቱ ባለቤት ፈቃድ በተጨማሪ የወረዳውንና የክፍለ ከተማውን ቢሮ ደጅ ይጠናል። ሥራው ንግድ ባይሆንም እንደ ውጭ ማስታወቂያ ይታይበታል፤ ንድፉም ይጠየቃል። ንድፍ አስቀድሞ ማሳየት ለደኅንነትና ለግንባታ ጉዳይ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይዘቱን ለማረም ከሆነ ግን በ1985ቱ አዋጅ ለጋዜጣ የቀረው ቅድመ ምርመራ በግድግዳ በኩል ተመለሰ ማለት ነው። ገደብ የሚያስፈልገው ነገር እንዳለ አምናለሁ። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን ለይቶ ለጥቃት የሚያነሣሣ ሥዕል መከልከል አለበት፤ ለዚያም የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ከተሣለ በኋላ በፍርድ ቤት የሚታይ ጉዳይ ሳይሣል በፊት በቢሮ ጠረጴዛ ላይ መቋጨት የለበትም።

ሥዕሉ ከቆመ በኋላስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሰዓሊው የሞራል መብት ይሰጠዋል፤ ስሙ እንዲጠቀስ መጠየቅና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲጣመም መቃወም ይችላል። በአሜሪካ ተመሳሳይ ሕግ ምን ያህል ጥርስ እንዳለው የኒው ዮርኩ ፋይቭ ፖይንትዝ ክስ አሳይቷል። የሕንፃው ባለቤት በቂ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሥዕሎቹን ነጭ ቀለም ስላስቀባቸው ፍርድ ቤቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለ21 ሠዓልያን 6.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። እኛ ዘንድ ዶላሩ ይቅርና ማስጠንቀቂያው ቢኖር ትልቅ ነገር ነው። ሰዓሊው ግድግዳው እንደሚፈርስ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ቢነገረው ሥራውን መቅረጽ ይችላል፤ በሸራ የተሠራ ከሆነም ማንሣት ይችላል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። የከተማው አስተዳደር በፒያሳ አዲስ ከሚያለማቸው ቦታዎች ጥቂት ግድግዳዎችን ለሠዓልያን ይተው፤ ምርጫው በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህራን፣ በሠዓልያንና ከሰፈሩ በተነሡ ነባር ነዋሪዎች እጅ ይሁን። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የሥዕሉ ዕድሜ፣ የማስነሣት ሥርዓቱና የሰዓሊው ስም ይካተቱበት። ሠዓልያን ሆይ፣ ሥራችሁ ላይ ስማችሁንና ዓመቱን ጻፉ፤ የአባቶቻችሁን ሸማና የአባቶቻችሁን ዓይን አስታውሱ። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ አልበም ውስጥ፣ በስልክህ ውስጥ የድሮዋ ፒያሳ ታፔላ፣ የፀጉር ቤት ሥዕል፣ መፈክር የተጻፈበት አጥር ፎቶግራፍ ካለህ ቦታውንና ዓመቱን ከጀርባው ጽፈህ ቅጂውን ለወመዘክር (ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ስጥ። ግድግዳዎቹ አብዛኞቹ የሉም፤ ከእነሱ የቀረው በእጅህ ያለው ፎቶ ነው።